ፎም የሚጠነክረው በእርጥበት ነው፦ ስለተደፈነ የፎም መርጫ (ጋን) እና መሃሉ ስላልያዘ ፎም

ጥያቄ፦ «ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ቤታችንን መስኮቶች በአሉሚኒየም ስናስቀይር በፍሬሙና በግድግዳው መካከል ክፍተት ቀረ፤ ነፋስና አቧራ ያስገባል። ራሴ ልሥራው ብዬ እየነፋ ክፍተት የሚደፍን ሁለት ጣሳ ፎምና ፎም ጋን የሚባለውን መርጫ ገዛሁ። አንዱን ጣሳ ጨረስኩ፤ ሁለተኛውን ግማሽ ላይ ሳደርስ ፈትቼ፣ ጋኑን በጨርቅ ጠርጌ፣ ሁለቱንም ለየብቻ አስቀመጥኳቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመኝታ ቤቱ በር ልጠቀምበት ሳወጣው ቃታው አልሳብ አለ፤ የጣሳውም አፍ ደርቋል። የሚገርመው ግን ጋኑ ውስጥ ድንጋይ የሆነው ፎም በሰፊው ክፍተት ውስጥ ስቆርጠው መሃሉ ገና እንደ ማስቲካ ይለጠፋል። ዝናብ ሲጥልም ከመስኮቱ ሥር ውሃ መግባቱ አልቀረም። ጋኑን በምን ላጽዳው? ወይስ ያለ ጋን የሚረጨውን ባለ ቀጭን ቱቦ ፎም ብገዛ ይሻለኛል?»

ጋንዎ ውስጥ ድንጋይ የሆነውና መስኮቱ ሥር ማስቲካ ሆኖ የቀረው ፎም ከአንድ ዓይነት ጣሳ የወጣ ነው፤ የተበላሹበትም ምክንያት አንድ ነው። እርጥበት መግባት በማይገባው ቦታ ገብቷል፣ መግባት በነበረበት ቦታ ደግሞ አልገባም። ይህን ነገር ከተረዱት ስለ መርጫው አያያዝም ሆነ ስለ አሞላሉ የሚሰጠው ምክር ግልጽ ይሆንልዎታል፤ ካልተረዱት ግን ሌላ ጋን ገዝተውም ከወር በኋላ እዚሁ ጥያቄ ላይ ይገኛሉ።

ፎም «ይደርቃል» እንላለን፤ ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ቃል ነው። ቀለም ሲደርቅ በውስጡ ያለው ውሃ ወይም ቲነር ተኖ ይወጣል። ፎም ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ከአየሩና ከግድግዳው እርጥበት ስቦ፣ ከእርጥበቱ ጋር ተዋህዶ ይጠነክራል። ጣሳው ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የሚባለውን ኬሚካል የያዘ ወፍራም ፈሳሽ ሲሆን፣ አብሮት እንደ ፕሮፔንና ቡቴን ያለ በግፊት የታመቀ ጋዝ አለ። ቃታው ሲሳብ ጋዙ ተስፋፍቶ ፈሳሹን አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋው ውሃ ሲያገኝ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየፈጠረ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፣ ከዚያም ይጠነክራል። ውሃ ካላገኘ ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል፤ ያልተከፈተ ጣሳ መደርደሪያ ላይ ለወራት ሳይበላሽ የሚቀመጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

በገበያው ፎም ጋን የሚባለው መርጫ አሠራሩ ቀላል ነው። ጣሳው የሚጠለፍበት ጥርስ ያለው አንገት አለው፤ በአንገቱ ውስጥ ፎሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምትዘጋ ትንሽ ኳስ ተቀምጣለች። ከአንገቱ ቀጥሎ ረጅሙ አፈሙዝ ይመጣል፤ በአፈሙዙ ውስጥ ከቃታው እስከ ጫፉ ድረስ ቀጭን መርፌ ተዘርግታለች። ቃታውን ሲስቡት መርፌዋ ወደ ኋላ ትሸሽና ጫፉ ይከፈታል፤ ሲለቁት ተመልሳ ትደፍነዋለች። ከኋላ ያለው ብሎን መርፌዋ ምን ያህል እንደምትሸሽ ይወስናል፤ እስከ መጨረሻው ሲጠብቅም ቃታው እንዳይሳብ ይቆልፋል። ጣሳው በቦታው እስካለ ድረስ አፈሙዙ በግፊት በተሞላ ፈሳሽ ፎም ጢም እንዳለ ስለሚቆይ አየር የሚገባበት መንገድ የለም። ጫፉ ላይ የቀረችው ጠብታ ብቻ እርጥበት አግኝታ ትጠነክራለች፤ እርሷም ጉዳት የላትም፣ እንዲያውም እንደ ቡሽ ሆና ጫፉን ትጠብቃለች።

እርስዎ ጣሳውን በፈቱ ጊዜ ግን በአንገቱና በኳሷ ዙሪያ የቀረው ፎም ከአየር ጋር ተገናኘ። በጨርቅ የጠረጉት ከውጭ የሚታየውን ነው፤ ውስጥ የቀረው ኳሷን ከመቀመጫዋ ጋር አጣበቃት፣ አፈሙዙ ውስጥ የነበረው ግፊት ቀስ በቀስ ሲያልቅ ደግሞ እርጥበቱ ወደ መርፌዋ ዘለቀ። እንዲህ የተደፈነ መርጫ ፈትቼ ባየሁ ቁጥር የማገኘው ተመሳሳይ ነገር ነው፦ መርፌዋ ከጫፉ አጠገብ የማር ቀለም ያለው፣ ብርጭቆ የመሰለ ስስ ሽፋን ለብሳ ትወጣለች። አረፋ እንኳ አይደለም፤ ኩፍ የሚልበት ቦታ አጥቶ እንዳለ የጠጠረ ፎም ነው። ጥፍር አይነቅለውም፤ ቃታውን አስሮ የያዘውም ያ ወረቀት የማያክል ሽፋን ነው።

ጋኑን ማዳን ይቻል እንደሆነ በግልጽ ልንገርዎት። ገና ያልጠነከረ ፎም በአሴቶን ይሟሟል፤ የጠነከረውን ግን አሴቶንም ሆነ በጣሳ የሚሸጠው የፎም ማጽጃ አያሟሙትም፣ ቢበዛ ጥቂት ያለሰልሱታል። ሦስት ሳምንት ካለፈው ተስፋው ጠባብ ነው። መሞከር ከፈለጉ መነጽር አድርገው፣ ጫፉን ወደ ፌስታል አዙረው፣ ውስጡ ግፊት አለመኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ። ከዚያም ጫፉ ላይ ያለውን ፎም በከተር በጥንቃቄ ያንሱ፣ የማጽጃውን ጣሳ አንገቱ ላይ ጠልፈው ለጥቂት ጊዜ ይተዉት፣ ቃታውንም በእጅዎ ኃይል ብቻ ይሞክሩት። መርጫው የሚፈታታ ዓይነት ከሆነ የጫፉን መያዣ በቁልፍ ፈትተው መርፌዋን ያውጡና በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ስለት ይፋቋት። ርካሾቹ መርጫዎች አብዛኞቹ አይፈታቱም፤ የእርስዎም ከነዚያ ከሆነ ጊዜዎን አያባክኑበት፣ አዲስ ይግዙ።

በዚህ ሙከራ ጊዜ ሰዎች ሲፈጽሟቸው የማያቸው ሦስት ስህተቶች አሉ፤ ሦስቱንም አጥብቄ እከለክልዎታለሁ። ቃታውን በፒንሳ አይሳቡት፤ መርፌዋ ከተጣመመች መርጫው ከዚያ በኋላ አይዘጋም። ጫፉ ውስጥ ሚስማር ወይም ሽቦ አይክተቱ፤ መርፌዋ የምታርፍበት ቦታ አንዴ ከተጫረ ፎሙ ሲንጠባጠብ ይኖራል። ከሁሉም በላይ በእሳት ለማቃጠል አይሞክሩ። ይህ ፎም ሲቃጠል ከሚወጣው ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሳያናይድ ይገኙበታል፤ ሁለቱም ሰው የሚገድሉ ጋዞች ናቸው።

በግማሽ የቀረው ጣሳም አይመለስም። ቫልቩ ላይ የቀረው ፎም ጠንክሯል፤ በግድ ሌላ መርጫ ቢጠልፉበት ወይ ጨርሶ አይከፈትም፣ ወይ ደግሞ ተከፍቶ አልዘጋ ይልና ፎሙ እጅዎ ላይ ይፈሳል። ገንዘብ ወጥቶበታልና ቢያሳዝንም፣ በውስጡ ያለውን ለማትረፍ ብሎ ጣሳውን መብሳት ከባድ አደጋ ነው፤ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው፣ ግፊቱም አልወጣም። ወደ እሳትም ሆነ ከሚቃጠል ቆሻሻ ጋር እንዳይጣል ይጠንቀቁ።

ከእንግዲህ መርጫው እንዴት መያዝ እንዳለበት እነሆ። ሥራ ሲያቋርጡ ጣሳውን አይፍቱት። በጣሳው ውስጥ ፎም እስካለ ድረስ መርጫው ላይ እንደተጠለፈ ይቆይ፤ የኋላውን ብሎን አጥብቀው ቃታውን ይቆልፉ፣ ጫፉን ገና ሳይጠነክር በአሴቶን በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ከዚያም ጣሳው ከታች መርጫው ከላይ ሆኖ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አድርገው ጥላ ቦታ ያስቀምጡት። አምራቾች በዚህ ሁኔታ እስከ አራት ሳምንት ገደማ ሊቆይ እንደሚችል ይገልጻሉ፤ እኔ ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጥቂት ፎም ወደ ቆሻሻ ከረጢት አስወጥቼ መንገዱ መከፈቱን አረጋግጣለሁ። እንደገና ለመጠቀም ሲያወጡት መጀመሪያ ጫፉ ላይ ጠንክራ ቡሽ የሆነች ጠብታ ካለች ያንሱ፣ ጣሳውን ከመርጫው ጋር አብረው በደንብ ይነቅንቁት፣ ከዚያ ብሎኑን ያላሉት። ቅደም ተከተሉን አይለውጡ፤ ጫፉ ተደፍኖ ቃታ የሚስብ ሰው ጉልበቱን የሚያሳርፈው መርፌዋ ላይ ነው።

ጣሳው ሲያልቅና ሥራው ገና ሲሆን አዲሱን ጣሳ አስቀድመው ነቅንቀው ያዘጋጁ፣ ያለቀውን ቀጥ አድርገው ይፍቱ፣ አዲሱን ወዲያው ይጥለፉ። በመካከሉ ስልክ አያንሱ፤ ጉዳዩ የደቂቃ ነው። የሚተካ ጣሳ ከሌለ ወይም ሥራው ካበቃ ግን መርጫው በዚያው ሰዓት መታጠብ አለበት። የፎም ማጽጃው በራሱ ጣሳ የሚሸጥና እንደ ፎሙ አንገቱ ላይ የሚጠለፍ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው በአብዛኛው አሴቶን ነው። ጠልፈው ቃታውን ወደ ከረጢት ወይም ወደ አሮጌ ባልዲ ይሳቡ፤ መጀመሪያ ቢጫ ፎም፣ ቀጥሎ የደፈረሰ ውሃ የመሰለ፣ በመጨረሻም ጥርት ያለ ፈሳሽ ይወጣል። ጥርት ሲል አያቁሙ፤ አፈሙዙን በማጽጃው እንደሞሉት ጥቂት ደቂቃ ይተዉትና አንዴ ደግመው ያስወጡት። ከዚያ ማጽጃውን ፈትተው፣ ከማጽጃው ጣሳ ጋር በሚመጣው ትንሽ መርጫ የጋኑን አንገት ጥርስና ኳሷን ያጥቡ። ኳሷን በእንጨት ጫፍ ሲነኳት ወደ ውስጥ ገብታ በራሷ ከተመለሰች ሥራው አልቋል፤ አንገቱን ጥቂት ቫዝሊን ቢቀቡት ደግሞ ለሚቀጥለው ጣሳ ይለሰልሳል። ማጽጃው የተቀባ ግድግዳ፣ የፕላስቲክ ዕቃና የአሉሚኒየሙን ቀለም ሊያበላሽ ስለሚችል ከዚያ ራቅ ብለው ይሥሩ።

ብዙዎች ለማጽጃው ገንዘብ ማውጣት እየከበዳቸው ቲነር ወይም ቤንዚን ይሞክራሉ። ቲነር እንደ አምራቹ ስሪቱ ስለሚለያይ አንዳንዱ ለጫፉ መጥረጊያ ይረዳል፣ አንዳንዱ ጨርሶ አይረዳም፤ ከውጭ ተቀብቶ ደግሞ አፈሙዙ ውስጥ ሊደርስ አይችልም። ቤንዚን በቤት ውስጥ ለማንኛውም ጽዳት መዋል የለበትም። ማጽጃው ከመርጫው ጋር አብሮ የሚገዛ ዕቃ ነው፤ ያለ እርሱ መርጫ መግዛት ዕድሜውን የአንድ ጣሳ ማድረግ ነው።

አሁን ወደ ማስቲካው እንምጣ። ከሁለት ጣት በላይ የሰፋ ጥልቅ ክፍተት በአንድ ጊዜ ሲሞላ የላይኛው ፊት ከአየሩ እርጥበት አግኝቶ ቆዳ ያበጃል፤ ያ ቆዳ ደግሞ ከሥሩ ላለው ፎም እርጥበት እንዳይደርስ ይከለክላል። ግድግዳው ደረቅ ብሎኬትና አቧራ የበላው ልስን ከሆነ ከጎንም የሚሰጠው ነገር የለም። ስለዚህ መሃሉ ይራባል፤ ውሎ አድሮም ይሟሽሻል፣ በግድግዳውና በፎሙ መካከል የፀጉር ስንጥቅ ይከፈታል፣ ነፋሱም ተመልሶ ይመጣል። መድኃኒቱ ውሃ ነው። አቧራውን በብሩሽ ካስወገዱ በኋላ ፀጉር ቤት በሚጠቀሙበት ዓይነት የውሃ ስፕሬይ ክፍተቱን ያርጥቡት፤ ይርጠብ እንጂ ውሃ አይቋጥር። ሰፊውን ክፍተት በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይሙሉት፤ እያንዳንዱ ዙር ከሦስት ሳንቲሜትር ብዙ ያልበለጠ ይሁን፣ በየዙሩ መካከልም በስሱ ውሃ ይርጩበት። ክፍተቱ ከአምስት ሳንቲሜትር ከበለጠ ግን መጀመሪያ የብሎኬት ስባሪ በሲሚንቶ ይግባበት፤ ፎም ግድግዳ አይሆንም። አሁን ያለውን ለጣፊ ፎም እስከ ጤናማው ድረስ በከተር ቆርጠው ያውጡት፣ ያርጥቡት፣ ከላዩ አዲሱን ይሙሉ፤ አዲስ ፎም በጠነከረ ፎም ላይ ደህና አድርጎ ይይዛል።

እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ ሦስት ነገሮች ይጨመሩበታል። በበጋው ወራት አየሩ ደረቅ ስለሆነ ጣሳው ላይ የተጻፈው የመጠንከሪያ ሰዓት ይረዝማል፤ ያኔ ውሃ መርጨቱ ግዴታ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ደግሞ ሌሊቱን ቀዝቃዛ መጋዘን ያደረ ጣሳ ፎሙን ወፍራምና ሰነፍ አድርጎ ያወጣዋል፣ መጠኑም ይቀንሳል። የሚሻለው ጣሳው 20 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ነው፤ ለብ ባለ ውሃ ባልዲ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ይበቃል። በምድጃ፣ በፈላ ውሃ ወይም በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ ማሞቅ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ከ50 ዲግሪ በላይ የሞቀ ጣሳ ሊፈነዳ ይችላል። ድሬዳዋና አፋር፣ እንዲሁም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ወገኖች ይህችን ማስጠንቀቂያ ከሁሉ አስቀድመው ይያዟት። ሦስተኛው ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ፎሙን የሚገፋው ጋዝ የሚቋቋመው ግፊት ባነሰ ቁጥር ይበልጥ ይሰፋል። ስለዚህ የጣሳውን ጽሑፍ አምነው ከመሙላትዎ በፊት በካርቶን ቁራጭ ላይ አንድ መስመር አውጥተው ምን ያህል ኩፍ እንደሚል በዓይንዎ ይዩ።

አሞላሉ እንዲህ ነው። ጣሳውን ለግማሽ ደቂቃ ያህል በብርቱ ይነቅንቁት፤ ጋዙና ፈሳሹ ካልተዋሐዱ መጀመሪያ ጋዝ ብቻ፣ በኋላ ደግሞ የማይነፋ ሙጫ ይወጣል። ጣሳው ቀጥ ብሎ ቆሞ መርጫውን ይጥለፉበት፣ በልክ እንጂ በኃይል አያጥብቁት፤ ከዚያ ገልብጠው ጣሳው ከላይ ሆኖ ይሥሩ። በቋሚ ክፍተት ከታች ወደ ላይ ይውጡ፣ ጫፉም ዘወትር በወጣው ፎም ውስጥ ትንሽ እንደተነከረ ይቆይ፤ ያኔ ትኩሱ ፎም ከሥሩ ባለው ላይ ያርፋል፣ ባዶ ኪስም አይቀርም። ከክፍተቱ ግማሽ ወይም ጥቂት ከፍ ያለውን ብቻ ይሙሉ። የቀረውን በጣት ለመጠቅጠቅ አይሞክሩ፤ አረፋው ይፈነዳል፣ ፎሙም ይሟሽሻል። ቆርጦ ማስተካከል ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ነው፣ ሙሉ ጥንካሬው ግን እስከ ማግስቱ ይቆያል። ስንት ጣሳ እንደሚበቃ ለማወቅ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 1.2 በ1.4 ሜትር የሆነ መስኮት ዙሪያው 5.2 ሜትር ነው፤ ክፍተቱ ሁለት ሳንቲሜትር ስፋትና ስድስት ሳንቲሜትር ጥልቀት ካለው ስድስት ሊትር ከሩብ ገደማ ፎም ይፈልጋል። የ750 ሚሊ ሊትር ጣሳ ላይ 40 ሊትርና ከዚያም በላይ ተጽፎ ሊያዩ ይችላሉ፤ ያ ፎሙ በነጻ ሜዳ ሲነፋ ነው። እኔ ግማሹን ብቻ ስለምቆጥር ለሦስት መስኮት አንድ ጣሳ እይዛለሁ።

ለመኝታ ቤቱ በር ሲደርሱ ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ ኩፍ የሚል ፎም የበርን መቃን የመግፋት ኃይል አለው። ሥራውን በጀመርኩበት ዘመን አንድ በር ከምሽቱ ሞልቼ ጠዋት ስመለስ መቃኑ በመሃሉ ወደ ውስጥ ሆዱን ነፍቶ፣ በሩ ከቁልፉ በላይ አልዘጋ ብሎ ጠበቀኝ፤ ፎሙን ሁሉ በመጋዝ ቆርጬ እንደገና መሥራት ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ መቃኑ በብሎን ከግድግዳው ጋር ሳይታሰር ፎም አልነካም፤ በመቃኑ ውስጥም በሦስት ቦታ፣ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ በልኩ የተቆረጠ እንጨት አግድም ወጥሬ እስከ ማግስቱ እተወዋለሁ። ጣሳ ሲገዙ ለበርና ለመስኮት የተሠራውን፣ ብዙ የማይነፋውን ዓይነት ይጠይቁ። ፎም ክፍተት ይሞላል እንጂ በር አይሸከምም፤ ያለ ብሎን በፎም ብቻ የቆመ በር ውሎ አድሮ ይነቃነቃል።

ውሃው ስለምን አልቆመም ለሚለው፦ ፎም የውሃ መከላከያ አይደለም። ነፋስን፣ አቧራን፣ ቅዝቃዜንና ድምፅን በደንብ ይቀንሳል፤ በነፋስ የሚገፋ የክረምት ዝናብ ግን በፎሙና በግድግዳው መጋጠሚያ፣ በተለይም ተቆርጦ በተከፈተው ፊቱ በኩል መንገድ ያገኛል። ከዚህም ሌላ ፀሐይ ያገኘው ፎም ጊዜ ሳይፈጅ ወደ ብርቱካንማ ከዚያም ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ በጣት ሲነኩትም እንደ ዱቄት ይራገፋል። ስለዚህ ከውጭ በኩል ፎሙን ከፍሬሙ ፊት አንድ ሳንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ ቆርጠው በልስን ይሸፍኑት፤ ልስኑ ከፍሬሙ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ደግሞ ለውጭ የሚሆን ሲልከን ይሳቡበት። ይህ ሁሉ ተደርጎ ውሃ ከገባ የመስኮቱን መደገፊያ ይመልከቱ፤ ወደ ቤት ያዘነበለ ከሆነ ወይም የፍሬሙ የውሃ ማውጫ ቀዳዳዎች በፎም ተደፍነው ከሆነ ጥፋቱ እዚያ ነው፣ የቱንም ያህል ፎም ቢጨመር አይፈታውም። በአራተኛ ፎቅ የውጭውን ሥራ በመስኮቱ ተንጠልጥለው እንዳይሠሩት፤ ይህች የእርስዎ ድርሻ አይደለችም፣ መወጣጫና የደህንነት ቀበቶ ያለው ሠራተኛ ይሥራት።

ሌሎች ወሰኖችም አሉት። አይጥ የምትገባበትን ቀዳዳ በፎም ብቻ መድፈን ከንቱ ነው፤ ቦርቡራ ታልፈዋለች፣ መጀመሪያ የሽቦ ወንፊት ወይም የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ተጠቅጥቆ በሲሚንቶ መዘጋት አለበት። ላስቲክ፣ ለስላሳው የውሃ ቱቦ ፕላስቲክና ሲልከን የተቀባ ቦታ ፎም አይዝላቸውም። የጭስ ማውጫ፣ የምድጃና የምጣድ አካባቢ ተራ ፎም ቦታው አይደለም፤ ከ90 ዲግሪ ገደማ በላይ ሙቀት አይችልም፣ እሳት ካገኘውም ይቀጣጠላል። ጣሳው ላይ ቢ3 ከተባለው ይልቅ ቢ2፣ ከእርሱም ቢ1 የተባለው እሳትን ይበልጥ ይቋቋማል፤ አንዱም ግን የማይቃጠል አይደለም።

ስለ ደህንነቱ የማሳጥረው አይኖርም። ከጣሳው የሚወጣው ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ወለሉ ላይ ይተኛል እንጂ ወደ ጣሪያ አይወጣም። በእኛ ቤት ደግሞ ከሰሉ፣ የቡናው ምድጃና የዕጣኑ ማጨሻ የሚቀመጡት ወለል ላይ ነው። ፎም በሚሞላበት ቀን በዚያ ቤት ቡና አይፈላ፣ ሲጋራ አይለኮስ፣ መስኮቶቹ ወለል ብለው ይከፈቱ። አይሶሳያኔቱ የመተንፈሻ አካልን ያስቆጣል፤ አንዴ ሰውነት ከተቆጣበት በኋላ በጥቂቱም አስም ሊያስነሳ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከኦገስት 24 ቀን 2023 ጀምሮ ይህ ኬሚካል ከተወሰነ መጠን በላይ ያለባቸውን ምርቶች በሥራ ላይ የሚጠቀሙ ሠራተኞች አስቀድመው ሥልጠና እንዲወስዱ ያስገደደው በዚህ ምክንያት ነው። አስም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃናት ከክፍሉ ይውጡ። ጓንትና መነጽር አይዘለሉም፤ ጣሪያ ሥር ሲሞሉ የምትወድቀው ጠብታ የምታርፈው ዓይን ላይ ነው። እጅዎን ከነካዎት ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ጠርገው በምግብ ዘይት ያሹት፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠቡ፤ ውሃ ካስቀደሙ ግን ፎሙን ያጠነክሩታል። ዓይን ከገባ ለረጅም ጊዜ በንጹሕ ውሃ አጥበው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ባለ ቀጭን ቱቦውን ፎም በተመለከተ፦ እርሱ መርጫ የማይፈልግና አንድ ቀዳዳ ደፍኖ ለሚያበቃ ሰው የሚስማማ ነው። ነገር ግን የሚወጣውን መጠን መቆጣጠር ያስቸግራል፣ በብዛት ይነፋል፣ ቱቦው ውስጥ የቀረው ስለሚጠነክርም ጣሳው በአንድ ቀን ማለቅ አለበት። ሁለቱ ጣሳዎች የቫልቫቸው ቅርጽ ስለሚለያይ አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም አይቻልም፤ ሲገዙ «የጋን» ወይም «የቱቦ» መሆኑን ሻጩን ይጠይቁ፣ የማብቂያ ቀኑንም ይዩ፣ በመደርደሪያ ላይ ተጋድሞ የከረመ ጣሳ አይውሰዱ፤ ቫልቩ ሊጣበቅ ይችላል።

የእርስዎ ሥራ ገና በርና የሚታደሱ መስኮቶች ስላሉት ወደ ቱቦው አይመለሱ። የተደፈነውን ጋን ካልተፈታታ ይጣሉት፤ የሚፈታታና መርፌው የሚወጣ የብረት መርጫ፣ አንድ ጣሳ ማጽጃና ለበርና መስኮት የሚሆን ብዙ የማይነፋ ፎም አንድ ላይ ይግዙ። በሩን አስቀድመው ይጨርሱ፣ ለጣፊውን ፎም አውጥተው እያረጠቡ በዙር ይሙሉ፣ በዚያው ሳምንት ጣሳውን ያሟጡ፣ መርጫውንም ጣሳው በተፈታበት ሰዓት አጥበው ያስቀምጡ። የመስኮቱን የውጭ ልስንና ሲልከን ክረምቱ ሳይገባ ያሠሩት።